ከለገጣፎ ወደ ብሔራዊ ቴአትር፦ ባቡር ወይስ ራይድ?

ቅዳሜ ከሰዓት ሙዚቃዊ ድራማ ለማየት ከለገጣፎ ለሚወርድ ሰው ከትኬቱ ይልቅ መንገዱ ያስጨንቃል።

ወጪ
ባቡር፦ እስከ አያት በታክሲ፣ ከዚያ እስከ ለገሃር በባቡር። ሁለቱ ተደምረውም ኪስ አይጎዱም።
ራይድ (በስልክ የሚጠራው መኪና)፦ ለብቻ ከባድ ነው፤ ለአራት ሲካፈሉት ይቀላል።

ሰዓት
ሙዚቃዊ ድራማ ላይ አርፍዶ መግባት አያዋጣም። የመክፈቻው ዘፈንና ውዝዋዜ ካመለጠ ግማሹ ደስታ አለቀ።
ባቡር፦ የራሱ ሐዲድ ስላለው መገናኛ ላይ መኪናው ሁሉ ተገትሮ እሱ ያልፋል። ጣቢያ ላይ መጠበቁ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።
ራይድ፦ ከበር አንስቶ በር ላይ ያደርሳል፤ መንገዱ ከተጨናነቀ ግን እሱም ያው ቆሞ ነው።

ምቾት
ባቡር፦ ነጠላ ለብሶ መጋፋት አለ፣ ኪስንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ለገሃር ወርዶ ትንሽ ሽቅብ በእግር ነው፤ ቴአትር ቤቱ ፊት ያለው የአንበሳ ሐውልት ከታየ ደርሳችኋል።
ራይድ፦ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

መመለሻ
ዋናው ፈተና ይሄ ነው።
ራይድ፦ ሾፌሩ ደውሎ «ወዴት ነው?» ይላል። «ለገጣፎ» ስትሉት «ባዶዬን እኮ ነው የምመለሰው» ብሎ ወይ ይሰርዛል ወይ ጭማሪ ይጠይቃል። አይፈረድበትም።
ባቡር፦ አያት ይጥላችኋል፤ ከዚያ ወዲያ የታክሲ ሰልፍ ነው። ከመሸ ደግሞ ታክሲው ይሳሳል።

ለብቻው ወይም ከጓደኛው ጋር ለሚሄድ፣ ትርዒቱም በጊዜ የሚያልቅ ከሆነ፣ ባቡር ይሻላል። አዛውንት ወይም ሕፃን ካለ፣ ክረምትም ከሆነ፣ ራይድ። እኔማ ስሄድ በባቡር፣ ስመለስ የሰፈር ሰው አሰባስቤ በራይድ ነው።