የፔንሲልቬንያ፣ የኦሃዮና የኒው ኢንግላንድ ላገሮች፦ ቀምሼ የወደድኳቸው

እዚህ አሜሪካ ክራፍት ቢራ (ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሰሩት ቢራ) ሲባል ሰው ሁሉ አይፒኤ ነው ትዝ የሚለው፣ ያ ደፍርሶ የማንጎ ጁስ የሚመስለው። የሚወደው ይጠጣው፣ የኔ ልብ ግን ላገር የሚባለው የቢራ አይነት ላይ ነው። ጥርት ያለ፣ አረፋው የቆመ፣ አንዱን ስትጨርሱ ሌላ የሚያሰኛችሁ ላገር። ያለፉትን ስምንት ወራት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን በሰሜን ምስራቅና በኦሃዮ በኩል ያሉ ጠማቂዎች የሚሰሩትን ላገር እየገዛን፣ የተወሰኑትንም እዛው የሚጠመቁበት ድረስ እየነዳን ሄደን በድራፍት እየጠጣን ስናነጻጽር ከረምን፣ እና ያገኘነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን ላገር ለምን ከባድ እንደሆነ ልበል፣ እሱ ካልገባ ንጽጽሩም አይገባም። ኤል የሚባለው የቢራ ዘር፣ አይፒኤም ከሱ ነው፣ ሞቅ ባለ ቦታ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቶሎ ይብላላና በሁለት ሶስት ሳምንት ይደርሳል። የላገር እርሾ ግን ቅዝቃዜ ነው የሚፈልገው፣ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሰራው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት እንዲተኛ ይደረጋል። ላገር የሚለው ቃል ራሱ ጀርመንኛ ነው፣ ማከማቸት፣ ማስቀመጥ ማለት ነው። ለትንሽ ጠማቂ ይሄ ማለት አንድ ታንከር ለአንድ ወር ከዛም በላይ ተያዘበት ማለት ነው፣ በዛው ታንከር ሁለት ዙር አይፒኤ አውጥቶ ይሸጥበት ነበር።

ሌላው፣ ላገር መደበቂያ የለውም። አይፒኤ ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ የሆፕሱ ብዛት ይሸፍነዋል (ሆፕስን ብዙዎቻችን ጌሾ እንለዋለን እንጂ ከኛ ጌሾ ጋር አንድ አይደለም፣ ሌላ ተክል ነው)። ላገር ላይ ግን ጠማቂው ቸኩሎ ከሆነ የቅቤ ቅቤ የሚል ሽታ ይቀርበታል፣ ዳያሴቲል ይሉታል፣ እርሾው ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ መልሶ ይበላው ነበር። አፈላሉ ላይ ጉድለት ካለ ደግሞ የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል። ስለዚህ አንድ ጠማቂ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማዘው ተራውን ላገር ነው፣ እሱ ንጹህ ከሆነ ሌላውንም አምኜ እጠጣለሁ።

ነጥብ አልሰጠንም። መጀመሪያ ሞክረን ነበር ከአስር ስንት እያልን ግን ሁሉም ሰባትና ስምንት ሆነብን፣ ትርጉም አጣ። ከዛ ጓደኛዬ አንድ ሀሳብ አመጣ፣ ሁለት ዓይነት ላገር በአንድ አይነት ብርጭቆ ይቀዳል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ አናውቅም፣ ምንም ሳንል ወሬያችንን እናወራለን፣ በመጨረሻ የትኛው ብርጭቆ ቀድሞ ባዶ እንደሆነ እናያለን። በቃ። አፍህ የሚለውና እጅህ የሚያነሳው አንዳንዴ አይገናኝም፣ ይሄን በደንብ ያየሁት በዚህ ነው።

እንግዲህ የኔ የድሮ ፍቅር የቪክትሪው ፕሪማ ፒልስ ነው። ቪክትሪ ፔንሲልቬንያ ዳውኒንግታውን ውስጥ በ1996 ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች የከፈቱት ነው፣ ፕሪማ ፒልስ አልኮሉ 5.3 ፐርሰንት ነው፣ በጀርመን ፒልስነር (ቢጫና መረር ያለ ላገር) መንገድ የተሰራ። ስትቀዱት ቀለሙ የገለባ አይነት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ አረፋው ነጭና ጥቅጥቅ ያለ፣ እያንዳንዱ ጉንጭ ብርጭቆው ላይ ቀለበት እየተወ ይወርዳል። አፍንጫችሁን ስታስጠጉ መጀመሪያ የታጨደ ሳር ይሸታል፣ ቀጥሎ የሎሚ ልጣጭ፣ ከስር ትኩስ ዳቦ የመሰለ የብቅል ሽታ አለ። ምሬቱ ግን ነው ዋናው። ፈጠን ብሎ ይመጣል፣ የምላስን ጎንና ጎን ይይዛል፣ ከዋጣችሁት በኋላ ደረቅ አድርጎ ይተዋችኋል፣ እና ያ ድርቀት ነው ሌላ ጉንጭ የሚያስጠራው። ለጀማሪ ግን ምሬቱ ይከብዳል፣ ያስጠጣሁት የስራ ባልደረባዬ ፊቱን አጨማዶ ነው የመለሰልኝ። እኔ እንዲያውም ያንን ነው የወደድኩለት።

ከዛ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ። ግሬት ሌክስ የሚባለው ሁለት ወንድማማቾች በ1988 የከፈቱት ነው፣ ዶርትሙንደር ጎልድ ደግሞ ስማቸውን ያስጠራላቸው ላገር ነው። ነገሩ መጀመሪያ ላይ ስሙ ሌላ ነበር፣ በ1990 ዴንቨር በሚደረገው በግሬት አሜሪካን ቢር ፌስቲቫል ወርቅ ካገኘ በኋላ ነው ጎልድ የተባለው። ዶርትሙንደር የሚባለው አይነት ከጀርመኗ የዶርትሙንድ ከተማ ነው የመጣው፣ የከተማዋ ውሃ ማዕድኑ ብዙ ስለነበር ቢራውም ጠንከር ያለና ደረቅ ያለ አጨራረስ ነበረው። በፒልስነርና በሄለስ (ምሬቱ ዝቅ ያለ ቢጫ ላገር፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ) መሀል አድርጋችሁ አስቡት፣ ብቅሉም ይሰማል ሆፕሱም ይሰማል፣ አንዱ ሌላውን አይጫንም። 5.8 ፐርሰንት ነው፣ ሳታስቡት ይይዛችኋል እና ተጠንቀቁ። ጓደኛዬ ከዚህ ወዲያ ላገር የለም ባይ ነው። እኔ በጣም እወደዋለሁ ግን ሁለተኛው ላይ ትንሽ ይሞላኛል፣ ብቅሉ ወፍራም ስለሆነ።

ከዛው ቤት ኤሊየት ነስ የሚባል የቪየና አይነት ላገር አለ፣ ቀይ ዳማ፣ የተጠበሰ ዳቦ ቅርፊት የሚመስል ጣዕም ያለው፣ ለብርድ ጊዜ የሚሆን። ቪየና ላገር ማለት አንቶን ድሬር የተባለ ጠማቂ በ1841 ቪየና አጠገብ የጀመረው ነው፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ በ1842 ዮሴፍ ግሮል ፒልዘን ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ፒልስነር ጠመቀ። ዛሬ ዓለም ላይ የሚጠጣው ቢጫ ቢራ አብዛኛው የዚያ የፒልዘኑ ቢራ የልጅ ልጅ ነው።

ሳሙኤል አዳምስና ብሩክሊን ላገርን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ብዙ አልልም። አንዱ በ1985 ሌላው በ1988 ገበያ የወጡ ናቸው፣ ሁለቱም ዳማ ቀለም፣ ሁለቱም ብቅልና ሆፕስ የተመጣጠነባቸው፣ የትም ባር ብትገቡ ሌላ ምንም ከሌለ እነሱ ይኖራሉ። መንገዱን የከፈቱት እነሱ ናቸው፣ ይሄ ሊረሳ አይገባም። ዪንግሊንግም አለ፣ ከ1829 ጀምሮ ፔንሲልቬንያ ፖትስቪል ውስጥ የሚጠመቅ፣ በሀገሪቱ እድሜ ጠገቡ ቢራ ፋብሪካ፣ ግን ትልቅ ፋብሪካ ስለሆነ በንጽጽራችን አላስገባነውም።

አሁን ወደ ኒው ኢንግላንድ ልሂድ፣ እዚህ ጋ ነው ልቤ የተሸነፈው።

ማሳቹሴትስ ፍራሚንግሃም ውስጥ ጃክስ አቢ የሚባል አለ፣ ሶስት ወንድማማቾች በ2011 ከፍተው ላገር ብቻ ነው የምንጠምቀው ብለው ተነሱ። ያኔ ሁሉም አይፒኤ ላይ ሲረባረብ ይሄ ድፍረት ነው። ሃውስ ላገራቸው 5.2 ፐርሰንት፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ ለስላሳ፣ የተለመደ የፋብሪካ ቢራ ብቻ ለሚጠጣ ዘመዳችሁ መጀመሪያ የምትሰጡት እሱን ነው፣ አይደነግጥም ግን ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ሆፖኒየስ ዩኒየን ደግሞ እንደ አይፒኤ ሆፕስ የበዛበት ግን በላገር እርሾ የተሰራ ነው፣ 6.5 ፐርሰንት፣ አይፒኤ ካልሆነ አልጠጣም የሚል ሰው ካላችሁ መታረቂያ ይሆናችኋል።

ሴለም ከተማ ያለው ኖች ደግሞ የተለየ አቋም አለው፣ ቀለል ያለ ቢራ ላይ ነው ያተኮረው፣ ፒልሱ 4 ፐርሰንት ብቻ ነው። 4 ፐርሰንት ስትሰሙ ውሃ ይመስላችኋል፣ አይደለም። እዛ ሄደን ቆመን አቀዳዱን ነው ያየነው። የቼክ ቧንቧ ነው የሚጠቀሙት፣ እጀታው ወደፊት የሚሳብ ሳይሆን ወደ ጎን የሚዞር። ልጅቷ ብርጭቆውን አጋድማ መጀመሪያ አረፋ ብቻ ለቀቀችበት፣ እርጥብ፣ ክሬም የመሰለ አረፋ፣ ከዛ የቧንቧውን አፍ አረፋው ውስጥ ነክራ ቢራውን ከስር ሞላችው፣ አረፋው ከፍ እያለ መጣና ከብርጭቆው አፍ ላይ ሁለት ጣት ያህል ቆመ። አረፋ ሲበዛ ተጭበረበርኩ ብሎ የሚቆጣ አለ፣ እኔም ድሮ እንደዛ ነበርኩ፣ ግን ያ አረፋ ክዳን ነው፣ ቢራውን ከአየር ይከልለዋል፣ የሆፕሱን ሽታ ይይዘዋል፣ ጋዙንም ስለሚያለሰልሰው ሆድ አይነፋም። ሶስት ጠጥቼ ቀለል ብሎኝ ነው የወጣሁት። ከኖች ከተመለስኩ በኋላ ቤትም ስቀዳ ሁለት ጣት አረፋ እተዋለሁ።

የመጨረሻው ቨርሞንት ነው፣ ስቶ የምትባል ተራራማ ከተማ፣ ቮን ትራፕ። አዎ፣ ያ ከኦስትሪያ ተሰዶ የመጣው የዘፋኞች ቤተሰብ፣ የነሱ ልጅ ነው እንደ አያቶቹ ሀገር አይነት ላገር እዚህ መጠጣት እፈልጋለሁ ብሎ በ2010 ጠመቃ የጀመረው። ፒልስነር፣ ቪየና፣ ዱንከል የሚባል ጥቁር ላገር፣ ሄለስ፣ ሁሉም አላቸው። ቪየናው ግሩም ነው። ግን ስለ ሄለሱ ነው ማውራት የምፈልገው።

ሄለስ ማለት በጀርመንኛ ብሩህ፣ ፈካ ያለ ማለት ነው። ሙኒክ ያሉት ጠማቂዎች ጥቁር ላገር ነበር የሚሰሩት፣ የፒልስነር ቢጫ ቢራ ገበያውን ሲወስድባቸው ሽፓተን በ1894 ሄለስን አወጣ፣ ቀለሙ እንደ ፒልስነር ግን ምሬቱ ዝቅ ያለ፣ ብቅሉ የሚመራው። የቮን ትራፕ ሄለስ 4.9 ፐርሰንት ነው። ስታሸቱት ብዙ ነገር አይነግራችሁም፣ ትንሽ ማር የመሰለ፣ ትንሽ የስንዴ ዳቦ ውስጡ ያለው ለስላሳ ሽታ፣ በጣም ከሩቅ አበባ። መጀመሪያ ስጠጣው ጥሩ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ማስታወሻዬ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍኩለት፣ ፕሪማ ፒልስ ላይ ግማሽ ገጽ ጽፌ።

ከመጨረስ በፊት አንድ ነገር ግን መንገር አለብኝ። አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ አረንጓዴ ጠርሙስ ላገር መስኮቱ ጋ ፀሀይ ላይ ደርድሮ አየሁና ስድስት ገዛሁ፣ ቤት ስከፍተው ሽታው አይቀመስም፣ ስካንክ የምትባለዋ እንስሳ መንገድ ላይ ስትገጭ የሚሸተው ሽታ ነው፣ ስድስቱንም ደፋሁ። የጠማቂው ጥፋት አይደለም። ብርሃን የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብረውና ያንን ሽታ ያመጣል፣ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ብርሃን ያስገባሉ፣ ቡናማው ይሻላል፣ ካን፣ ማለትም የቆርቆሮ ጣሳው፣ ደግሞ ጨርሶ አያስገባም። ስለዚህ ላገር ስትገዙ ካን ውሰዱ፣ ከፍሪጅ የወጣ ይሁን፣ ካኑ ስር የተጻፈውን ቀን እዩ። እኔ የታሸገበት ቀን ከሶስት ወር ካለፈ እተወዋለሁ፣ የፈለገ ስም ይኑረው። እንደ ፕሪማ ፒልስ ያለ ሆፕሱ የሚጎላ ላገር ሲያረጅ ሳሩና ሎሚው ይጠፋና ምሬቱ ብቻውን ይቀራል፣ ያኔ ቀምሳችሁት አልወደድኩትም ብትሉ አልፈርድባችሁም።

እና የመጨረሻው ምሽት። ሁሉንም አንድ ቀን አመጣናቸው፣ ሁሉም ትኩስ፣ ሁሉም ካን፣ የጓደኛዬ ሚስት ናት የቀዳችልን፣ ብርጭቆዎቹ ስር ቁጥር ለጥፋ። ፕሪማ ፒልስን ወዲያው ለየሁት፣ ዶርትሙንደሩን ጓደኛዬ ለየው፣ ሁለታችንም የየራሳችንን አግኝተን ደስ አለን፣ ከዛ ወሬ ጀመርን፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ስራ፣ ስለ ሀገር ቤት፣ ሁለት ሰዓት የሚሆን ተቀመጥን። እሷ መጥታ ብርጭቆ ስታነሳ የኔ ፕሪማ ፒልስ ሲሶው ነበር የቀረው፣ የሱ ዶርትሙንደር ግማሽ አካባቢ። ሁለታችንም ጋ ሙልጭ ብሎ ያለቀው አራት ቁጥር ነበር። ገልብጣ አሳየችን፣ የቮን ትራፕ ሄለስ።

አሁን ፍሪጄ ውስጥ ከላይ ሄለስ ነው የሚቀመጠው፣ ፕሪማ ፒልስ ከስሩ። ማስታወሻዬንም ከፍቼ ሄለሱ ስር ለመጨመር ሞከርኩ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን እስካሁን አላገኘሁም።