ምክንያቱን ሳያገኝ ስኳር ለማያዝዘው የቀፎ ፈታሻችን ምስጋና

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መስመር ንብ የምናነብ ሰዎች ነን። ይህን የምንጽፈው በየጓሯችን እየዞረ ቀፎ ለሚፈትሽልን ወንድማችን ነው። እግዜርም አላህም ይስጥልን፣ እጁ ይባረክ። ስሙንና ስልኩን እሱ ሳይፈቅድ አደባባይ አናወጣም፤ የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልንና እናገናኘዋለን። ለምን እንደምንጠቁመው ግን በዝርዝር መናገር ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ቀፎ እከፍታለሁ የሚል ሁሉ ቀፎ አይፈትሽም።

የደከመ ቀፎ ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ደጃፉ ጭር ይላል፣ ንቡ ይሳሳል፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ባዶውን ይገኛል። የተራበውም፣ አውራዋ (እንቁላል የምትጥለው ንግሥቲቱ) የሞተችበትም፣ ጉንዳን የገባበትም፣ የፀረ ተባይ መርጨት የፈጀውም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ስኳር ይሮጣል። አውራ ለሌለው ቀፎ ስኳር ቢሰጡት ለብርቱው ጎረቤት ቀፎ ዝርፊያ ከመጥራት በቀር የሚፈይደው የለም።

ወንድማችን መጀመሪያ ክዳን አይነካም። ከቀፎው ጎን፣ የንቡን መመላለሻ ሳይዘጋ፣ 10 ደቂቃ ያህል ቁጭ ብሎ ደጃፉን ያያል። እግሩ ላይ የአበባ ዱቄት ተሸክሞ የሚገባ ንብ ካለ ውስጥ የሚመገብ እጭ ሳይኖር አይቀርም። ደጃፉ ላይ ትግል ካለ ዝርፊያ ነው። ምላሱን አውጥቶ የሞተ ንብ በአንድ ቀን ተከምሮ ከተገኘ የእርሻ መርጨትን ይጠረጥራል፣ ጥያቄውም ወደ ማሳው ባለቤት ይዞራል። ሊከፍት የሚመጣው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፤ የእኛ ንብ ቁጡ ነው፣ ቢነሣም እየመሸ ሲሄድ ይበርዳል። በደረቅ ኩበት ማጨሻውን ለኩሶ፣ ጭሱ በእጅ ሲዳሰስ የማያቃጥል መሆኑን አይቶ፣ ደጃፉ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ነፋ ያደርግና ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል። ጭስ ካበዙበት ንቡ ማሩን ጠጥቶ እስከ መኮብለል ይደርሳል።

ፍሬም፣ ማለት ንቡ የሰም እንጀራውን የሚሠራበትን የእንጨት ክፈፍ፣ የሚያወጣው ከዳር ነው። ከመሐል መምዘዝ አውራዋን በሁለት እንጀራ መካከል ጨፍልቆ ሊገድላት ይችላል። የዳሩን አውጥቶ ቦታ ካገኘ በኋላ ሌሎቹን አንድ በአንድ ወደ ባዶው እያስጠጋ ያነሣል። አውራዋን ሲፈልግ አይውልም፤ እንቁላል ይፈልጋል። ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ እንጀራውን ዘንበል ሲያደርገው በጉድጓዱ ወለል ላይ እንደ ቁራጭ ነጭ ክር ይታየዋል። እንቁላል ከ3 ቀን በኋላ ስለሚፈለፈል፣ እንቁላል ካለ አውራዋ ባለፉት 3 ቀናት ውስጥ ነበረች ማለት ነው። በአንድ ጉድጓድ አንድ፣ ወለሉ መሐል ላይ ከሆነ ደህና ነው። ሦስትና አራት ሆኖ የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ሽፋኑም እንደ ጥይት ጫፍ ካበጠ፣ አውራዋ ከሄደች ሰንብታ ሠራተኞቹ ንቦች ራሳቸው እንቁላል መጣል ጀምረዋል። ከእነሱ እንቁላል የሚወጣው ድንጉላ (ወንዴ ንብ) ብቻ ነው፣ ቀፎውም በራሱ አይድንም።

እንቁላልም ድንጉላም ካልታየ አይፈርድም። ከብርቱ ቀፎ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ እጭ ያለበት አንድ ፍሬም፣ ንቡን አራግፎ፣ መሐል ያስገባል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ተመልሶ ሲያይ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ የለውዝ ቅርፊት የመሰለ የአውራ ቤት ከተጀመረ ቀፎው አውራ የለውም፤ ካልተጀመረ ደግሞ ከድንጉላ ጋር ገና ያልተገናኘች ልጅ አውራ ውስጥ ልትኖር ትችላለች። አውራ ከእንቁላል እስከ መውጣት 16 ቀን ይፈጅባታል፤ ለመብሰልና ከድንጉላ ጋር ለመገናኘት አንድ ሁለት ሳምንት ይጨመራል። በዚያ ጊዜ ቀፎውን እየከፈቱ መነካካት የለም። ልጂቱ ለመገናኘት ስትወጣ የቤቷን መልክ አይታ ትመለሳለች፤ ቀፎው ከቦታው ከተነሣ ትጠፋለች። «ትዕግሥቱ» የምንለው ይህን ነው፤ «አብሽሩ፣ ወር አይሞላም» ይለናል።

ሠራተኞቹ የሚጥሉበትን ቀፎ ግን ለማዳን አይደክምም። ከብርቱ ቀፎ ጋር ያዋህደዋል። በብርቱው ቀፎ ላይ አንድ የጋዜጣ ወረቀት ያነጥፋል፣ በሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ይወጋዋል፣ ደካማውን ሳጥን ከላይ ያስቀምጣል። ንቦቹ በሁለት ሦስት ቀን ወረቀቱን ሲቀድዱ ሽታቸው ተዋህዶ ይቆያል፣ ሳይጣሉ ይቀላቀላሉ። ብዙዎቻችን ቀፎ ቁጥር መቀነስ ይከብደናል፤ ሁለት ደካማ ግን ማር አይሰጥም።

ለረሃቡ ጉዳይ፣ የእኛ አገር ሁለት ክፉ ጊዜ አላት። አንደኛው በልግ ከቀረ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ዝናቡ ንቡን ከቤት አያስወጣም። ፍሬም ቢያነሣ ቀላል፣ ማር የሌለበት ከሆነ ያኔ ስኳር ያዝዛል። ለ1 ኪሎ ስኳር 1 ሊትር ውኃ። ውኃው ይፈላል፣ ከእሳት ይወርዳል፣ ከዚያ ስኳሩ ይጨመራል፤ ስኳሩን እሳት ላይ ማፍላት ለንቡ ሆድ መጥፎ ነው። ቀዝቅዞ፣ ማታ፣ ግማሽ ሊትር ያህል በሳህን በቀፎው ውስጥ፤ በላዩም ንቡ እንዳይሰምጥ ጭራሮ። ደጃፉ በሁለት ጣት ስፋት ይጠብባል። የአበባ ዱቄት ከጠፋ ትንሽ በሶ ወይም ሽሮ በደረቁ በሳህን ያስቀምጣል። የማይታወቅ ሰው ማር ለንብ መስጠትን ይከለክላል፤ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የማር ክፍል፣ ማለት ለእኛ የሚቆረጠው ማር የሚጠራቀምበት የላይኛው ሳጥን፣ ከተጫነ በኋላም ስኳር የለም፣ አለበለዚያ ገዢው ስኳር ነው የሚቀምሰው።

በእንጀራው ውስጥ ድር የሠራ ነጭ ትል ሲገኝ ብዙ ሰው ትሉን ጠላት ያደርጋል። ወንድማችን «ንቡ ያልሸፈነው እንጀራ ነው የጋበዘው» ይላል፣ ልክ ነው። 4 ፍሬም የሚሸፍን ንብ 10 ፍሬም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ቀሪው ትሉን የምትፈለፍለው ብል መራቢያ ይሆናል። ስለዚህ ንቡን በማካፈያ ጣውላ ወደ ጠባብ ቦታ ይሰበስበዋል፣ የተበላሸውን እንጀራ አውጥቶ ያቀልጠዋል። ጉንዳን ደግሞ በመቆሚያው እግር ነው የሚወጣው። አራቱን እግር የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ያቆማል፤ ዝናብ ዘይቱን እንዳያጥበውና ንብ እንዳይወድቅበት በላዩ ትንሽ ክዳን ያበጃል፤ ቀፎውን የነካ ሣርም ይታጨዳል። አንዲት ሰንበሌጥ ድልድይ ከሆነች ቆርቆሮው ዋጋ የለውም።

አናጺዎችም ይህን አንብቡልን። ወንድማችን ሜትር ይዞ ይመጣል። በፍሬምና በግድግዳው መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል፤ ቢጠብብ ንቡ በሙጫ ያጣብቀዋል፣ ቢሰፋ እንጀራ ይሠራበታል፣ ፍተሻውም መቀደድ ይሆናል። ለሽግግር ቀፎ (በፍሬም ፋንታ እንጀራው ከጣውላ ላይ የሚንጠለጠልበት) ጣውላዎችም ስፋታቸው 32 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ሲበልጥ እንጀራው ይጣመማል።

ልትጠሩት ለምታስቡ ሁሉ፦ አደይ ከፈነዳ ጀምሮ እስከ ኅዳር ማር ቆረጣ ጊዜ የለውም። ነሐሴ ውስጥ አስቀድማችሁ ያዙት። ከመምጣቱ በፊት ደረቅ ኩበት፣ ባዶ ሳጥን ከነክዳኑ፣ ለረዳቱ የሚሆን ዓይነ ርግብና ጓንት አዘጋጁ። ከብትና አህያ ከአጠገቡ ይፈቱ፣ ልጆች ወደ ቤት ይግቡ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው አይቅረብ። ማር ሲቆርጥላችሁም «ሁሉንም አውጣው» አትበሉት፤ ከታችኛው ክፍል ሦስት ፍሬም ማር ይተዋል፣ እንድትነጥቁት አይፈቅድም።