ዩኒቨርሲቲዎቻችን በኮቪድ ወቅት የሰጡት አገልግሎት ሲገመገም

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን እንደ አገልግሎት ሰጪ ቆጥሮ መገምገም ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ተማሪው ፈርሞ የሚገባበትን ውል ያየ ሰው ግን እንዲህ አያስብም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት መደበኛ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ተስማምቶ ነው ግቢ የሚገባው። የሚከፍልበትን አገልግሎት ጥራት የመጠየቅ መብት አለው ማለት ነው። እኔ በኮቪድ ወቅት በአንድ የክልል ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ አስተምር ስለነበር፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ከፊሉ ከውስጥ ሆኜ ያየሁት፣ ከፊሉም በየዩኒቨርሲቲው ካሉ ባልደረቦቼ ጋር ስንነጋገርበት የከረምነው ነው። በትግራይ የሚገኙትን ዩኒቨርሲቲዎች ግን አላካተትኩም፤ በ2013 ዓ.ም. የደረሰባቸው መከራ በወረርሽኝ መስፈርት የሚለካ አይደለምና።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርት ቆመ፣ ተማሪዎች ግን ለጊዜው ከግቢ እንዳይወጡ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ይህ ውሳኔ ተቀይሮ ሁሉም ወደየቤተሰቡ እንዲሄድ ተደረገ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አብዛኞቹ ግቢዎች ጭር ብለው ነበር።

ተማሪዎችን ወደ ቤት መላኩ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የግቢን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ በአንድ ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚተኙ ስድስትና ከዚያ በላይ ልጆች፣ ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን ተቀድቶ የሚቀመጥበት የጋራ መታጠቢያ፣ በምሳ ሰዓት ካፌ በር ላይ የሚሰለፉ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ባሉበት ቦታ ሁለት ሜትር ተራራቁ ብሎ ማወጅ ትርጉም የለውም። ችግሩ የነበረው ተማሪዎቹ ሲሄዱ ምንም ያልተነገራቸው መሆኑ ላይ ነው። መቼ እንደሚመለሱ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ከዲፓርትመንቱ ማን እንደሚደውልላቸው፣ የጀመሩት ኮርስ ምን እንደሚሆን፣ ዶርም የተዉት ዕቃ በማን ኃላፊነት እንደሚቆይ መንገር ይቻል ነበር። እኔ በነበርኩበት ዩኒቨርሲቲ አውቶቡሶች በየአቅጣጫው ተመድበው ተማሪዎቹ በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ፤ አሸኛኘቱ የተቀላጠፈ ነበር ማለት እችላለሁ። የተማሪ መዝገብ የሚይዘው ሬጅስትራር ግን የማንንም ተማሪ የወቅቱን ስልክ ቁጥር አልያዘም። ከሳምንታት በኋላ የክፍሌን ተማሪዎች ልፈልግ ስነሳ ያገኘኋቸው በክፍል ተጠሪው ቴሌግራም ግሩፕ በኩል ነው፤ በግሩፑ ያልነበሩት በአብዛኛው ስማርት ስልክ የሌላቸው ልጆች ነበሩ፤ እነሱንም በየወረዳቸው ሰው በሰው ማስፈለግ ግድ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ለአገር ያደረጉትን ማሳነስ ተገቢ አይደለም። በርካቶቹ ዶርሞቻቸውን ከውጭ ለሚመለሱ ዜጎች፣ በተለይም ከሳዑዲ ዓረቢያና ከጎረቤት አገሮች ለመጡት፣ ለይቶ ማቆያ እንዲሆኑ ለቀቁ፤ የኬሚስትሪና የፋርማሲ ክፍሎች ሳኒታይዘር አምርተው ለጤና ተቋማትና ለአካባቢው ነዋሪ አከፋፈሉ። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የነበሩት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶችም (በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) መከላከያ ቁሳቁስ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ከታካሚ አጠገብ አልራቁም። ስለ እነሱ ብዙ ሊጻፍ ይገባል፤ ለተማሪነታቸው የሚገባው ጥበቃ ከተደረገላቸው ይልቅ እንደ ሠራተኛ የተጠየቁት በልጦ ነበርና።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ትምህርቱ ልግባ። በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ ትምህርት በቴክኖሎጂ ታግዞ እንዲቀጥል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን የማንበቢያ ጽሑፍ እየተላከላቸው ግቢ እስኪከፈት እንዲጠብቁ አቅጣጫ ሰጠ። የተሰጠው ምክንያት አሳማኝ ነበር፤ መብራትና ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ የገባ ልጅ በኢንተርኔት ፈተና ተፈትኖ ከአዲስ አበባ ልጅ ጋር መወዳደር አይችልም። ፍትሐዊ ለመሆን መሞከሩን አከብራለሁ። አፈጻጸሙ ግን ፍትሕን ከማስፈን ይልቅ ሁሉንም እኩል ችላ ማለት ሆነ። ንባብ ይላካል የተባለው በተግባር ሲታይ፣ መምህራን የፓወር ፖይንት ፋይሎችን በቴሌግራም ጫኑ፣ ዲፓርትመንቱም ስንት ፋይል እንደተጫነ ቆጥሮ ለዲኑ ሪፖርት አደረገ። ተማሪው ፋይሉን ይክፈተው፣ አንብቦ ይረዳው አይረዳው የጠየቀ አልነበረም።

ይህን የምለው በቁጭት ነው፤ ምክንያቱም አገራችን ያለ ኢንተርኔት በርቀት ማስተማርን በሚገባ ታውቃለች። የርቀት ትምህርት በታተመ ሞጁል፣ በየከተማው በተከፈተ ማስተባበሪያ ጣቢያና በቅዳሜና እሑድ ቱቶሪያል ለዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። በርካታ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው የርቀትና የክረምት ፕሮግራም ነበራቸው፤ ሞጁሎቹ በየመጋዘኑ ተቀምጠው ነበር፤ ለብቻ እንዲያነቡት ታስቦ የተጻፈ፣ በየምዕራፉ ጥያቄና መልስ ያለው ጽሑፍ ማለቴ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ ፖስታ ቤት ወይም ቢያንስ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። ለአንድ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ሞጁል አባዝቶ በየወረዳው ለማድረስ የሚያስፈልገው ወጪ፣ ግቢው ዝግ በመሆኑ ከካፌው በጀት ከተረፈው ጋር ሲነጻጸር ከባድ አልነበረም። በእኛ ዩኒቨርሲቲ ሐሳቡ በአካዳሚክ ኮሚሽን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ የበጀት ርዕሱ አይፈቅድም ተብሎ ታለፈ። ለምግብ የተያዘን ገንዘብ ለኅትመት ማዛወር የፋይናንስ ደንብ ጉዳይ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ባለች አገር የአንድ ዩኒቨርሲቲ አመራር የበጀት ዝውውር ጠይቆ ደብዳቤ መጻፍ እንኳ ለምን እንደከበደው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የድኅረ ምረቃው ነገር ከዚህ የተሻለ ነበር፤ እዚያም ቢሆን ሸክሙ የወደቀው በመምህሩና በተማሪው ላይ ነው። ከማማክራቸው የማስተርስ ተማሪዎች አንዷ ከወሎ ገጠር ወጣ ካለ ኮረብታ ላይ ሆና ትደውልልኝ ነበር። «መምህር፣ ኔትወርክ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው፤ ባትሪዬም እያለቀ ነው፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ በፎቶ ልላክልዎት?» ትለኛለች። ላፕቶፗን የምትሞላበት መብራት ስላልነበረ በደብተር ትጽፋለች፤ እያንዳንዱን ገጽ በስልኳ ፎቶ እያነሣች ትልካለች፤ እኔም እርማቱን በድምፅ ቀድቼ እልክላታለሁ፤ ከኮረብታው ወርዳ ቤቷ ሆና እየደጋገመች እያዳመጠች ታስተካክላለች። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ይህም ቆመ፤ ለሳምንታት የነበረን መገናኛ የስልክ ጥሪ ብቻ ሆነ። እሷ ግን መጻፏን አላቋረጠችም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ አራተኛውን ምዕራፍ በአንድ ቀን ላከችው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው የደረሳት ነገር ቢኖር ማስረከቢያ ቀኗ እንዳያልፍ የሚያሳስብ ማስታወቂያ ነው፤ እሱም በፌስቡክ ገጽ የወጣ ስለነበር ከእኔ ነው የሰማችው።

ለመምህራን የተደረገውን በሁለት ከፍዬ ነው የማየው። ደመወዝ ሳይቆራረጥ መከፈሉ ትልቅ ነገር ነው፤ በብዙ አገሮች፣ በአገራችንም በአንዳንድ የግል ኮሌጆች፣ በኮንትራት የሚያስተምሩ መምህራን እንጀራቸውን ባጡበት ጊዜ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ወር በገባ ቁጥር ደመወዙን አግኝቷል። ከዚያ ያለፈ ድጋፍ ግን አልነበረም። የሞባይል ዳታ ወጪው ከኪሳችን ነበር፤ በኢንተርኔት እንዴት እንደሚስተማር የተሰጠን ሥልጠና የግማሽ ቀን ገለጻ ነበር። ከባዱ የመጣው ግቢ ሲከፈት ነው። በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ተመራቂ ተማሪዎች ቀድመው ሲጠሩ ርቀት እንዲጠበቅ አንዱ ክፍል ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ተከፈለ፤ በመደበኛው ጊዜ 16 ሳምንት የሚወስደው ኮርስ ደግሞ ከግማሽ ባነሰ ጊዜ እንዲያልቅ ተባለ። አንድ መምህር ያንኑ ትምህርት በቀን ሦስት ጊዜ፣ በማስክ ታፍኖ፣ ቅዳሜንም ጨምሮ መስጠት ነበረበት። ዕድሜያቸው ለበሽታው ለሚያጋልጣቸው ወይም ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው ባልደረቦቻችን የተለየ አሠራር አልወጣም፤ የዲፓርትመንት ኃላፊው በጎ ፈቃድ ከሆነ በወጣት መምህር ይተካሉ፣ ካልሆነ ገብተው ያስተምራሉ። የኦቨርሎድ፣ ማለትም ከመደበኛው በላይ ለተሰጠ ትምህርት የሚከፈለው፣ ክፍያ ስሌት ግን አጨቃጫቂ ሆነ፤ ፋይናንስ ክፍሉ ሦስቱን ክፍል እንደ አንድ ኮርስ ሊቆጥረው ፈለገ፣ ክፍያውም የተለቀቀው ተማሪዎቹ ከተመረቁ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

የተመለሱት ተማሪዎች አቀባበልም የተደባለቀ ነበር። በር ላይ ሙቀት ይለካል፣ ማስክ ይታደላል፣ ዶርሞቹ በኬሚካል ተረጭተው ጸድተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥርዓት ደስ የሚል ነበር። ያላማረው የዕቃው ጉዳይ ነው። ዶርሞቹ ለይቶ ማቆያ ሲሆኑ የተማሪዎቹ ሎከር ተሰብሮ ዕቃው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ወደ አንድ አዳራሽ ተወስዶ ነበር፤ ከረጢቶቹ ላይ የተጻፈው የሕንፃና የክፍል ቁጥር እንጂ የሰው ስም አይደለም። ለቀናት ልጆች አዳራሹ ወለል ላይ ተንበርክከው ጫማቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውን፣ የሦስት ዓመት ደብተራቸውን ሲፈልጉ አየሁ። ለጠፋው የካሰ የለም፤ ዶርም የሚቆጣጠሩት ፕሮክተሮችም ትእዛዝ ተቀብለን ነው ከማለት ውጪ መልስ አልነበራቸውም። ሎከሩ ከመከፈቱ በፊት ለባለቤቱ ስልክ መደወልና ስሙን በከረጢቱ ላይ መጻፍ ምንም ወጪ አይጠይቅም ነበር።

የውጭዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከእኛ በሁሉም ይበልጡ ነበር የሚል እምነት የለኝም። ሃርቫርድ በመጋቢት 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተማሪዎቹ በአምስት ቀን ውስጥ ዶርም እንዲለቁ ሲያዝ፣ የሚሄዱበት የሌላቸው ተማሪዎች ተደናግጠው ነበር። በቻፕል ሂል የሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በነሐሴ በአካል ማስተማር ጀምሮ በሳምንቱ በሽታው ሲዛመት ወደ ኢንተርኔት ለመመለስ ተገደደ። ከሃርቫርድ ግን የምወስደው አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት በሐምሌ 2020 ትምህርታቸው ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሆነ የውጭ ተማሪዎች አገር ለቀው እንዲወጡ ወይም ትምህርት ቤት እንዲቀይሩ የሚያስገድድ መመሪያ ሲያወጣ፣ ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ መመሪያውም ከወጣ በስምንተኛው ቀን ተሻረ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ይማሩ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችና እዚህ ቁጭ ብለው በጭንቀት ሲከታተሉ ለነበሩ ወላጆቻቸው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደነበር አውቃለሁ። ተቋሙ ከተማሪው ጎን ቆሞ መንግሥትን ሲሞግት ማየት ማለት ይህ ነው። የእኛዎቹ የበላይ ትእዛዝ ወደ ታች ከማስተላለፍ አልፈው የተማሪውን ችግር ወደ ላይ ሲወስዱ አላየሁም።

አሁን ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ወላጅ ቢያማክረኝ፣ ስለ ሕንፃውና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ከመጠየቁ በፊት ሬጅስትራሩ የተማሪውን የቤት አድራሻና የቅርብ ተጠሪ ስልክ በየሴሚስተሩ ያድስ እንደሆነ እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ። ለዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ለእያንዳንዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ ታትሞ ሊላክ የሚችል ሞጁል ተዘጋጅቶ እንዲቀመጥ ነው፤ ለመምህሩም እንደ ሥራ ተቆጥሮ ለደረጃ እድገት ነጥብ ይያዝለት። ሁለተኛው ከበድ ይላል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት የራሳቸውን የውስጥ ደንብ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ በዚሁ መሠረት በየሴኔቱ ሌጂስሌሽን (የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ደንብ) ውስጥ ግቢ በድንገት ሲዘጋ የተማሪውን ዕቃ ማን እንደሚረከብ፣ በስንት ቀን ውስጥ ለተማሪው እንደሚደወል፣ የተከፋፈለ ክፍል የሚያስተምር መምህር ኦቨርሎድ እንዴት እንደሚሰላ፣ ሕመም ያለበት መምህር ከገጽ ለገጽ ትምህርት እንዴት እንደሚታለፍ የሚደነግግ አንቀጽ ይግባ። ረቂቁን ለመጻፍ ከየዲፓርትመንቱ መምህራን፣ ከተማሪዎች ኅብረትና ከፕሮክተሮች የተውጣጣ ኮሚቴ ይበቃል፤ በ2012 እና በ2013 ግቢ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ጡረታ ወጥተው ወይም ሥራ ቀይረው ሳያልቁ ቢጀመር መልካም ነው።