ደብዛዛዋም መስመር መስመር ናት፦ የክሪፕቶኮከስ መመርመሪያ ስትሪፕ ሲገመገም
ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ በትንፋሽ ይገባል። የመከላከል አቅም ሲደክም፣ በተለይ ኤችአይቪ በደማቸው ባለና ሲዲ4 (በደም ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር) ከ100 በታች በወረደባቸው ሰዎች ላይ፣ በደም አድርጎ አንጎል ይደርስና ማጅራት ገትር ያስከትላል። የፈንገሱ የስኳር ልባስ ፍርፋሪ (አንቲጂን) ግን ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ሳምንታት ቀድሞ ደም ውስጥ ይገኛል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኢሚ ኩባንያ ስትሪፕ፣ ማለትም ናሙና ውስጥ የሚነከር ቀጭን መመርመሪያ ወረቀት፣ ፈልጎ የሚያገኘው ይህንን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቲዩብ ላይ መለያ ይጻፍና አንድ ጠብታ ማቅጠኛ ይጨመራል፤ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ ካዘነበለ የጠብታው መጠን ይዛባል። በላዩ 40 ማይክሮሊትር ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ወይም ከጀርባ የተቀዳ ፈሳሽ ይገባል። ስትሪፑ ተነክሮ ልክ በ10 ደቂቃ ይነበባል። ማሽንም ማቀዝቀዣም አይጠይቅም። የስትሪፕ ማስቀመጫው ክዳን ግን ክፍት መዋል የለበትም፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንባቡ ላይ ነው። ሁለት መስመር ፖዘቲቭ ነው፤ የላይኛው የመቆጣጠሪያ መስመር ብቻ ከወጣ ኔጋቲቭ፣ እሱ ካልወጣ ምርመራው ይደገማል። የታችኛው መስመር እንደ እርሳስ ጭረት ቢደበዝዝም ፖዘቲቭ ነው። «ትንሽ አለው» የሚባል ውጤት የለም።

ደብዛዛ መስመር አንዳንዴ የሚወጣው አንቲጂኑ ስላነሰ ሳይሆን ስለበዛ ነው። ስትሪፑ ላይ ያሉት ሁለት ፀረ እንግዳ አካላት (አንቲጂኑን የሚይዙ ፕሮቲኖች)፣ ማለትም ምልክት ያዘለውና መስመሩ ላይ የተለጠፈው፣ አንዱን አንቲጂን ከሁለት ወገን መያዝ አለባቸው፤ አንቲጂኑ ሲትረፈረፍ ሁለቱም ለየብቻ ይሞላሉና መስመሩ ይደበዝዛል፣ ጭራሽም ሊጠፋ ይችላል። ታማሚው ራስ ምታትና ትኩሳት እያለው ኔጋቲቭ ከወጣ ናሙናውን አቅጥኖ መድገም ግድ ነው፦ 4 ጠብታ ማቅጠኛ ላይ 40 ማይክሮሊትር ናሙና ሲጨመር 1ለ5 ይሆናል፤ ከዚያ በእጥፍ እያቀጠኑ መውረድ ነው። መጨረሻ ፖዘቲቭ የሆነበት ቲዩብ መመዝገብ አለበት፤ በደም 1ለ160ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈንገሱ አንጎል የደረሰበት ዕድል ከፍ ያለ ነው።

ናሙናው በቀለም ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ከሚታይበት ከድሮው ምርመራ ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ ሰፊ ነው። በማይክሮስኮፕ ፈንገሱ ጥቂት ሲሆን ያመልጣል፤ ስትሪፑ አያልፈውም ማለት ይቻላል። ትሪኮስፖሮን የተባለ ሌላ ፈንገስ ሊያሳስተው ቢችልም ይህ ብርቅ ነው።

ደሙ ፖዘቲቭ ሆኖ የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ሳይደረግ ፍሉኮናዞል የተባለውን ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ግን የስትሪፑን ጥቅም ገደል ይከታል። ፈሳሹ ንጹሕ ከሆነ ለአዋቂ በቀን 800 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት፣ ቀጥሎ 400 ለ8 ሳምንት፣ ከዚያ 200 ይሰጣል። ማጅራት ገትር ከተገኘ ይህ አይበቃም፤ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሌሎች ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶችን፦ በኪሎ 10 ሚሊግራም ሊፖሶማል አምፎተሪሲን አንዴ፣ ከፍሉሳይቶሲንና ከ1200 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል ጋር ለ14 ቀን ያዛል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይዘገያል።

ለክትትል ደግሞ ስትሪፑን አትግዙት። ሕክምናው የሠራለት ሰው ደም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል። አገረሸ ተብሎ ከተጠረጠረ የጀርባ ፈሳሹ ለካልቸር፣ ማለትም ሕያው ፈንገስ መኖሩን አብቅሎ ለማየት፣ ይላካል።