ለአሮጌ ቮልስ በእጅ ተሠርተው የሚሸጡ የኤልኢዲ መብራቶችን ሳታስፈትሹ አትግዙ

አሮጌ ቮልስ የምትነዱ ወገኖች፣ «ለማንኛውም ቮልስ ይሆናል» እየተባለ በሚሸጥ በእጅ የተበየደ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ ላይ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። ለጎረቤቴ መኪና የተገዛውን ከፍቼ መርምሬዋለሁ፤ ጉድለቱ በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን ከአሠራሩ የመነጨ ነው።

ትልቁ ጥፋት ስሌቱ ላይ ነው። ሦስት ነጭ ኤልኢዲዎች በአንድ መስመር ተቀጥለው ባለ 120 ኦም ሬዚስተር (የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገድብ ዕቃ) ተደርጎላቸዋል። እያንዳንዱ 3.2 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ፣ ሻጩ ጠረጴዛው ላይ በ12 ቮልት ሲያበራው 20 ሚሊአምፔር ብቻ ያልፋል፤ ገዢውም አምሮ ያየዋል። ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ሲሞላ ግን ቮልቴጁ እስከ 14.4 ሊደርስ ስለሚችል፣ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው ከ2.4 ወደ 4.8 ቮልት ያድግና የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እንዲህ ያለው መብራት ብዙ ሳይቆይ መፍዘዝ፣ ከዚያም አንድ በአንድ መጥፋት ይጀምራል። የፍሬን መብራት የጠፋበት መኪና ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ሰው ሕይወት ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል።

ፍሬቻው ከዚህ የባሰ ነው። የአሮጌ ቮልስ ሪሌ (ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) ብልጭ ድርግም የሚለው ባለ 21 ዋት አምፖሎች በሚስቡት ኤሌክትሪክ እየሞቀ በመሆኑ፣ ጥቂት ብቻ የሚስብ ኤልኢዲ ሲገጠምለት በትክክል አይሠራም። ለኤልኢዲ የሚሆን ሪሌ መግጠም ሲገባ፣ ሻጩ እንደ አምፖሉ ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲስብ ባለ 6 ኦም ሬዚስተር ጨምሮ ከሽቦዎቹ ጋር በፕላስተር ጠቅልሎታል። ይህ ሬዚስተር በ14.4 ቮልት ከ34 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፤ የሽቦውን ልባስ ሊያቀልጥ ይችላል። በመስመሩ ላይ የተጨመረ ፊውዝም አላገኘሁም። ነጭ ኤልኢዲ በቀይ መስተዋት ውስጥ ደብዛዛ ሆኖ እንደሚታይም ልብ በሉ፤ ለኋላ መብራት ቀይ ኤልኢዲ ያስፈልጋል።

በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1966 ከተመረቱት ቮልሶች አብዛኞቹ 6 ቮልት በመሆናቸው፣ ካልተቀየሩ በስተቀር ይህ ዕቃ ከነጭራሹ አይበራላቸውም።

በእጅ መሠራቱን አልቃወምም፤ ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠር ክፍልና ፊውዝ ያለውን በጥንቃቄ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መብራቱ በራሳችሁ መኪና ላይ ይገጠም፣ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ እየተሰጠው ቮልቴጁ በቴስተር ይለካ፣ መብራቱም በርቶ ይቆይና የሬዚስተሩ ሙቀት ይታይ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ወይም ደረሰኝ ካልሰጠ፣ አትክፈሉ።