ከኮምቦልቻ የገዛሁት የመኪና ድንገተኛ ቦርሳ
ኮምቦልቻ ካለ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ቦርሳ የታሸገበትን ገዛሁ። ባለሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ደህና ነው፤ ቀላል ስለሆነ ግን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወስደው የሐረጎ ዳገት ላይ ነፋስ ጣለው፣ እግሩን በድንጋይ አስደግፌ ነው ያቆምኩት። ያናደደኝ የባትሪ ማስነሻ ገመዱ ነው። ላስቲኩ ወፍራም፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ክር ነው የሚያክለው! ደሴ ላይ በዚያ የጠዋት ብርድ የጎረቤቴን ኮሮላ ላስነሳ ብል፣ ገመዱ ግሎ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ስትገዙ ጫፉን አስገልጣችሁ መዳቡን እዩ። እሳት ማጥፊያው 1 ኪሎ ነው፣ የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ነበር፣ ጥሩ። የእጅ ባትሪው መጫወቻ ነው፤ ለልጄ ሰጠሁት። ጎማ ማስደገፊያ ታኮ ግን የለውም! ያ ሁሉ ቁልቁለት ላይ ያለ ታኮ ክሪክ ይገባል እንዴ? አናጢ ቤት የእንጨት አሠርቼ ጨመርኩበት።