የአፓርታማው ወርሃዊ ጭማሪ ወይስ የራስ ኢንሹራንስ? አሜሪካ ለሚከራዩ

በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ አፓርታማ የሚከራዩ ወዳጆቼ ውል ሊፈርሙ ሲሉ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ቢሮው «የተከራይ ኢንሹራንስ ከሌላችሁ በየወሩ ከኪራዩ ጋር 15 ዶላር እንጨምራለን» ሲላቸው እሺ ማለት ይሻላል ወይስ የራስን መግዛት? እኔ ያለማመንታት የራስን ግዙ እላለሁ፤ ሁለቱ በዋጋ ቢቀራረቡም የሚጠቅሙት ሰው አንድ አይደለምና።

አፓርታማው በኪራይ ላይ የሚደርበው ክፍያ በአብዛኛው የሚሸፍነው ተከራዩ በሕንፃው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ብቻ ነው። ከምጣድ እሳት ተነሥቶ ኩሽናው ቢቃጠል አከራዩ ማሳደሻ ያገኛል፤ የተከራዩ አልጋ፣ ልብስና ኮምፒውተር ግን የሚያስታውሳቸው የለም። የማውቃቸው ባልና ሚስት ይህን የተረዱት ከበላያቸው ያለው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎናቸው በውኃ ከተጥለቀለቀ በኋላ ነበር። ጭማሪውን ወር ሳያዛንፉ ሲከፍሉ ቢቆዩም፣ ለራሰው ሶፋና ለተበላሸው ቴሌቪዥን አንድ ዶላር እንኳ አላገኙም። የአከራዩ የራሱ ኢንሹራንስም ቢሆን ለግድግዳውና ለጣሪያው እንጂ ለተከራይ ዕቃ አይደለም።

የራስ ኢንሹራንስ ዋጋው ብዙ ጊዜ በወር ከ15 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ ከመኪና ኢንሹራንስ ጋር ከአንድ ድርጅት ሲገዛ በሚገኘው ቅናሽ ከዚያም ሊወርድ ይችላል። በዚህ ገንዘብ ዕቃችሁ ከእሳት፣ ከጭስ፣ ከስርቆትና ከፈነዳ ቧንቧ ውኃ ይጠበቃል፤ በተሸፈነ አደጋ ቤቱ የማይኖርበት ቢሆን የሆቴሉ ተጨማሪ ወጪ ይከፈላል፤ እንግዳ ቤታችሁ ወድቆ ቢከሳችሁም በተለመደው ውል እስከ 100,000 ዶላር የሚደርስ የላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት የተጠያቂነት) ሽፋን አለ። ከመኪና ውስጥ የተሰረቀ ላፕቶፕ እንኳ ይካተታል፤ መኪናው ራሱ ግን አይካተትም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን የራሱን ሲገዛ ርካሹን በመምረጡ ነው። ርካሹ ውል የሚከፍለው የዕቃውን የእርጅና ዋጋ ነው። ከዓመታት በፊት የተገዛ ሶፋ ዛሬ 500 ዶላር ያወጣል ተብሎ ቢገመትና ዲዳክተብሉም (ከጉዳቱ ላይ እናንተው የምትሸከሙት፣ ከክፍያው የሚቀነሰው ድርሻ) 500 ዶላር ቢሆን፣ የጠፋው እሱ ብቻ ከሆነ እጃችሁ የሚገባ ነገር የለም። በመተኪያ ዋጋ የሚከፍለው ውል ግን ተመሳሳዩ አዲስ ሶፋ 1,300 ዶላር ከሆነ 800 ዶላር ይሰጣችኋል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ በወር ጥቂት ዶላር ነው፤ እሱን ለመቆጠብ ሲባል የመተኪያውን ዋጋ መተው እጅግ የሚያሳዝን ቁጠባ ነው። ብዙ ድርጅቶች መጀመሪያ የእርጅናውን ዋጋ ብቻ ከፍለው ቀሪውን የሚለቁት የአዲሱን ግዢ ደረሰኝ ስታቀርቡ ስለሆነ ደረሰኝ አትጣሉ፤ ቤታችሁንም ቁም ሣጥኑን እየከፈታችሁ በቪዲዮ ቅረጹ።

የእኛን ቤት በተለይ የሚነኩ ገደቦች አሉ። ወርቅ ቢሰረቅ የተለመደው ውል በጠቅላላው የሚከፍለው 1,500 ዶላር አካባቢ ብቻ ነው፤ የሰርግ ወርቅ ያላት ሴት አስገምታ ለብቻው ማስመዝገብ ይኖርባታል። ለጥሬ ገንዘብ ደግሞ ገደቡ ብዙ ጊዜ 200 ዶላር ስለሆነ የእቁብ ብር ቤት አታሳድሩ። ከወንዝ ወይም ከኃይለኛ ዝናብ የሚመጣ ጎርፍ የራሱ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል፤ ትኋንም አይሸፈንም። አብሯችሁ የሚኖር ደባል ስሙ በኢንሹራንሱ ውል ላይ ካልሰፈረ ዕቃው በእናንተ ኢንሹራንስ አይጠበቅም።

የራሳችሁን ከገዛችሁ በኋላ ማስረጃውን ለአፓርታማው ቢሮ በኢሜይል ላኩ፤ በሚቀጥለው ወር የኪራይ ሒሳብ ላይም ጭማሪው መነሣቱን አረጋግጡ፤ ማስረጃው ካልደረሰው ቢሮው ማስከፈሉን ስለሚቀጥል ለሁለቱም ስትከፍሉ ልትቆዩ ትችላላችሁ።